ተከላካዩ «አልሮጠም» ከማለታችን በፊት

ማርች 31 ቀን 2019፣ አንፊልድ፣ 85ኛው ደቂቃ። ሊቨርፑልና ቶተንሃም 1 ለ 1 ናቸው። ሊቨርፑል ለማሸነፍ ነቅሎ ሲያጠቃ ኳሱ ተነጠቀና የቶተንሃሙ ሙሳ ሲሶኮ ይዞት ወደ ፊት ገሰገሰ። አብሮት ሰን ሁንግ ሚን እየሮጠ ነው። ከፊታቸው የቀረው ተከላካይ ቨርጂል ቫን ዳይክ ብቻ ነው። ያን ቪዲዮ ኳስ ለማያውቅ ሰው ብታሳዩት «ይሄ ሰውዬ ለምን ዝም ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል?» ማለቱ አይቀርም። ቫን ዳይክ ኳሱ ላይ አልወጣም፣ ሰንን ሄዶ አልያዘም፣ ተንሸራቶም አልወረደም። በሁለቱ መካከል ሆኖ እያፈገፈገ ሲሶኮን እስከ ሳጥኑ ድረስ አመጣው። ሲሶኮ በማይመቸው በግራ እግሩ መታ፣ ኳሷም ከአግዳሚው በላይ ወጣች። በ90ኛው ደቂቃ የቶተንሃም ግብ ጠባቂ ሎሪስ የሊቨርፑሉን ሳላህ የግንባር ኳስ መያዝ አቅቶት የራሱ ተከላካይ አልደርቫይረልድ ላይ ተመልሳ ገባች፤ ሊቨርፑልም 2 ለ 1 አሸነፈ።

የተከላካይን ጥረት ስለመመዘን ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ብዙዎቻችን ጥረት የምንለው በዓይን የሚታየውን ነው፦ ላብ፣ ሩጫ፣ ሣር የሚያነሳ ሸርተቴ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ግን የተከላካዩ ትልቁ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጠናቀቀው ካሜራው እሱን ማሳየት ከመጀመሩ በፊት ነው። ስለዚህ ፍርድ መጀመር ያለበት ግቧ ከገባችበት ሰከንድ ሳይሆን ኳሱ ከተነጠቀበት ሰከንድ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ነው።

የቫን ዳይክን ውሳኔ እንፍታው። ሁለት ለአንድ ሲሆን ተከላካዩ ኳሱ ላይ ከወጣ አንዲት ቅብብል ትበቃለች፤ ሰን ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻውን ይገናኛል። ሰንን ይዞ ከሄደ ደግሞ ሲሶኮ በመረጠው እግር፣ በመረጠው ቦታ ይመታል። ሦስተኛው መንገድ የቅብብሉን መስመር በአካል ዘግቶ፣ ሰውነቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ በእነሱ ፍጥነት ማፈግፈግ ነው። ይህን የሚያደርግ ተከላካይ ሁለት ነገር ያተርፋል። አንደኛ፣ ኳስ የያዘው ሰው እንዲያመነታ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ጊዜ ይገዛል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አጥቂው 20 ሜትሩን በሰከንድ 7 ሜትር ቢሄድ 2.9 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ አመንትቶ ወደ 5 ሜትር ከወረደ 4 ሰከንድ ይሆናል። በዚያች ተጨማሪ አንድ ሰከንድ ከምናምን ውስጥ ከኋላ በሙሉ ፍጥነት የሚመለስ የቡድን ጓደኛ 8 ሜትር ያህል ይደርስበታል። 8 ሜትር በእግር ኳስ ውስጥ የግብና የማዕዘን ምት ልዩነት ነው።

ቫን ዳይክ ወደ ሲሶኮ የተጠጋው መቼ ነው? ለሰን ለማቀበል የሚያስችለው ማዕዘን ከጠበበ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ለሊቨርፑሉ ግብ ጠባቂ አሊሰን አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም በአንድ እግር ብቻ የሚመታ ሰው ቀረው። ቀድሞ ቢጠጋ ኖሮ ደፋር እንለው ነበር፤ ግቡ ግን ይቆጠር ነበር።

ቪዲዮ መልሳችሁ የምታዩ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ኳሱ ሲነጠቅ ተከላካዩ የት እንደነበረ ነው። ቡድኑ ሲያጠቃ የመሀል ተከላካዩ ከሚጠብቀው አጥቂ ይልቅ ለራሱ ግብ የቀረበ ነበር ወይስ የማዕዘን ምት ለመግጨት ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ? ወጥቶ ከነበረ በማን ትዕዛዝ ነው? ከአሰልጣኙ ትዕዛዝ ከሆነ በ60 ሜትር ሩጫ ላይ የደረሰበትን መሸነፍ ለእሱ ብቻ ማሸከም ፍትሐዊ አይደለም።

ቀጥሎ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች። እኔ ከሁሉም በላይ የምመዝነው እነዚህን ነው። ስንፍና ካለ እዚህ ይታያል፤ ንቃትም እንዲሁ። ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ የዞረ ተከላካይ በሰከንድ 8 ሜትር ለሚሮጥ አጥቂ 4 ሜትር ሰጥቶታል። ያን 4 ሜትር በኋላ በሩጫ ማካካስ የሚችሉት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ጥርሱን ነክሶ ሲሮጥ የምናየውና የምናጨበጭብለት ሰው አንዳንዴ ቀድሞ ያንቀላፋው ነው። በተቃራኒው ዳሌውን ቀድሞ ያዞረ፣ ኳሱ ገና ሳይመታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ የወሰደ ሰው ሲሮጥ አይታይም። ተረጋግቶ ይደርሳል፣ እኛም ዕድለኛ ነው እንላለን።

ከዚያ የሩጫው አቅጣጫ። የሚመለስ ተከላካይ ኳሱን ተከትሎ ከሮጠ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። መሮጥ ያለበት ኳሱ ወደምትደርስበት ቦታ ነው፤ አጥቂው በክንፍ ከመጣ ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብና ወደ ቅርቡ ቋሚ መካከል። በቴሌቪዥን ይህ ሩጫ ከኳሱ የሚሸሽ ይመስላል። «ጥሎት ሄደ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሜይ 4 ቀን 2022 በሳንቲያጎ በርናቤው የሆነውን አስታውሱ። ማንቸስተር ሲቲ በደርሶ መልስ 5 ለ 3 እየመራ፣ በ87ኛው ደቂቃ የሲቲው ግሪሊሽ የመታት ኳስ የሪያል ማድሪዱን ግብ ጠባቂ ኩርቷን አልፋ ወደ መረብ እያመራች ነበር። የማድሪዱ ተከላካይ ፌርላንድ ሜንዲ እግሩን ዘርግቶ ከመስመሩ ላይ አወጣት። ሜንዲ መስመሩ ላይ የተገኘው ግብ ጠባቂው ከተሸነፈ ባዶ የሚቀረውን ቦታ ስለሸፈነ ነው። ሮድሪጎ በ90ኛውና በባከነው ሰዓት መጀመሪያ ላይ ሁለት አገባ፣ ቤንዜማ በተጨማሪው ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት ጨመረ፣ ሪያል ማድሪድ 6 ለ 5 አለፈ። ሲቲ ያኔ 6 ለ 3 ቢያደርገው ኖሮ የሮድሪጎን ስም በዚያ ምሽት ማን ያነሳው ነበር?

ፍጥነቱን ራሱ በዓይን መገመት አያስተማምንም። ከግቡ ጀርባ ያለው ካሜራ ርቀትን ያጨማድዳል፣ ዝግታ የተጨመረበት ምስል ደግሞ ሁሉንም ሰነፍ ያስመስላል። ይልቅ ለኩት። የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ከግብ መስመሩ 16.5 ሜትር ይወጣል። ሣሩ በሰፋፊ መስመር የታጨደ ከሆነ በክልሉ ውስጥ ያሉትን መስመሮች ቆጥራችሁ 16.5ን ብታካፍሉ የአንዱን ስፋት ታገኛላችሁ፤ ስፋታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ለቀሪው ሜዳም ይሠራል። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ምስል ስላለው አንድ በአንድ እያራመዳችሁ ጊዜውን መቁጠር ትችላላችሁ። 16.5 ሜትሩን በ2.1 ሰከንድ ያቋረጠ ተጫዋች በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጠ ነው። በ3.3 ሰከንድ ያቋረጠው 18 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በሙያው ሙሉ ሩጫ ተብሎ በተለምዶ የሚመዘገበው ከ25.2 በላይ ያለው ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሰውዬ በእርግጥም አልሮጠም ማለት ይቻላል። ግን ይህን ማለት የሚቻለው መሮጥ በነበረበት ሰዓት ከሆነ ብቻ ነው፤ ቫን ዳይክ ሲያፈገፍግ ብትለኩት ሙሉ ሩጫ አታገኙም።

ሌላው የሚዘነጋው የመጨረሻው 5 ወይም 6 ሜትር ነው። ጥሩ ተከላካይ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እርምጃው ያጥራል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ አንዱ ትከሻ ወደ አጥቂው ይዞራል፣ እጆቹ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ለተመልካች «ለቀቀው» ይመስላል። በሙሉ ፍጥነት የገባ ተከላካይ ግን በአንዲት የአቅጣጫ ለውጥ ይታለፋል፤ ለመቆም ራሱ ሁለትና ሦስት እርምጃ ያስፈልገዋልና።

ሸርተቴ የራሱ ጊዜ አለው። በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ዲሴምበር 3 ቀን 2022 አርጀንቲና አውስትራሊያን 2 ለ 1 እየመራች፣ ጨዋታው ሊያልቅ 10 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው፣ አዚዝ ቤሂች ተጫዋቾችን እያለፈ ሳጥን ውስጥ ገባና ሊመታ እግሩን አነሳ። ሊሳንድሮ ማርቲኔዝ ተንሸራቶ ከፊቱ ዘጋበት። ያ ትክክል ነበር፤ አጥቂው ለመምታት ወስኗል፣ ከኋላ የቀረው ግብ ጠባቂው ብቻ ነው፣ ቆሞ መጠበቅ ምንም አይገዛም። ኳሱ ገና ከአጥቂው እግር ሥር ተጣብቆ ሳለ መንሸራተት ግን በራስ ላይ መፍረድ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ተከላካይ ተነስቶ እስኪሮጥ አጥቂው ርቋል። ሸርተቴውን ስትመዝኑ ኳሱ ከእግሩ ወጥቶ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀጥሎም ካልተሳካለት በኋላ ምን አደረገ? ወዲያው የተነሳና ለተመለሰው ኳስ የሮጠ ሰው አንድ ነው፤ መሬት ላይ ሆኖ ዳኛውን የሚያይ ሌላ ነው።

እውነተኛ ስንፍና የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ምልክቱም ግልጽ ነው። ኦፍሳይድ ነው ብሎ እጁን አንስቶ የቆመ ተከላካይ ይቅርታ የለውም፤ ፊሽካ እስኪነፋ ይጫወት፣ እጁን በኋላ ያንሳ። ሌላው ይይዘዋል ብሎ ሁለት እርምጃ የላላ፣ ምት ሲመጣ ጀርባውን ያዞረ፣ ሰውየውን ትቶ ኳሱን ብቻ ያየ፣ እነዚህ ላይ ጠንክሮ መናገር ተገቢ ነው። በዚህ በኩል ከአሰልጣኞች ይልቅ ደጋፊው ያለሰልሳል ብዬ አምናለሁ። እጅ ማንሳትን እንደ ሙያ ማየት ለምዶብናል።

ሆን ተብሎ ስለሚሠራ ጥፋትም መናገር ያስፈልጋል። ጃንዋሪ 12 ቀን 2020 በጅዳ በስፔን ሱፐር ካፕ ፍጻሜ፣ 0 ለ 0 በሆነ ጨዋታ 115ኛው ደቂቃ ላይ፣ የአትሌቲኮ ማድሪዱ ሞራታ ብቻውን ወደ ግብ ሲሄድ የሪያል ማድሪዱ አማካይ ፌዴሪኮ ቫልቬርዴ ከኋላ ጠለፈው። ቀይ ካርድ አየ፣ ሪያል ማድሪድ በመለያ ምት 4 ለ 1 አሸነፈ፣ የጨዋታው ኮከብም እሱ ተባለ። በዩሮ 2020 ፍጻሜ ጁላይ 11 ቀን 2021 ደግሞ የጣሊያኑ ተከላካይ ኪየሊኒ በባከነው ሰዓት የኳሷን ነጠራ ሳተና የእንግሊዙ ቡካዮ ሳካ ሲያልፈው በማልያው አንገት ጎትቶ አስቀረው፤ ቢጫ ብቻ። ልዩነቱን ሕጉ ይነግረናል። ዳኛው ከግብ ያለውን ርቀት፣ የጨዋታውን አቅጣጫ፣ ኳሱን የመቆጣጠር ዕድልን፣ የተከላካዮቹን ብዛትና ቦታ ይመዝናል። ሳካ ከግብ ሩቅ፣ የጎን መስመሩ አጠገብ ነበር። ሞራታ ከፊቱ ኩርቷ ብቻ ነበር። የሥነ ምግባሩን ክርክር ለብቻው እናንሳው። በጥረት መለኪያ ግን ሁለቱም እስከ መጨረሻው አልለቀቁም፤ የኪየሊኒው ጥፋት የራሱን ስህተት ማረሚያ ስለነበር ስህተቱንም ጥረቱንም አንድ ላይ መዝግቡለት።

በመጨረሻ ድካሙ። የተጫዋቾች የከባድ ሩጫ መጠን በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ጡንቻ ለአጭር ሩጫ የሚጠቀምበት ነዳጅ ግማሽ ያህሉን ለመተካት 30 ሰከንድ ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ደግሞ ደቂቃዎች ይፈልጋል። በ87ኛው ደቂቃ 50 ሜትር ሮጦ የተመለሰ ተከላካይ ከ20 ሰከንድ በኋላ ሌላ መልሶ ማጥቃት ከመጣበት እግሩ የሚሰጠው ያነሰ ነው፤ ልቡ ቢፈልግም። ስለዚህ አንድን ሩጫ ከመኮነናችሁ በፊት ያለፈውን አንድ ደቂቃ ተመልከቱ። አሰልጣኝ ከሆናችሁ ደግሞ ከ70ኛው ደቂቃ ጀምሮ የተከላካዮቻችሁን የመጀመሪያ ሦስት እርምጃዎች ተከታተሉ። ዘግይቶ መዞር ከጀመረ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ካሳረፈ፣ ኳስ ከወጣ በኋላ ወደ ቦታው በእርምጃ ከተመለሰ ቀይሩት፤ መቀየሪያ ከጨረሳችሁ መስመሩን አምስት ሜትር ወደ ኋላ አውርዱለት። ይህን አይታችሁ ዝም ካላችሁ በ88ኛው ደቂቃ የገባችው ግብ በእሱ ስም ብቻ መመዝገብ የለባትም።