የግሪኩ «ካይኦ» ምን ምን ያቃጥላል?

«ካይኦ» የተባለው የጥንታዊ ግሪክኛ ግስ በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ማንደድ፣ ማቃጠል» ተብሎ ይፈታል፤ ጽሑፎቹን ተከትሎ ለሚያነብ ሰው ግን ይህ ፍቺ ብዙም ሳይቆይ ይጠበዋል። እኔን የሚማርከኝ፣ ግሪኮች በዚህ ግስ የሚገልጹት ነበልባሉን ብቻ ሳይሆን፣ የተቃጠለው ነገር የሚደርስበትን ለውጥ ጭምር መሆኑ ነው።

የትሮያን ጦርነት በሚተርከው የሆሜር ግጥም፣ በኢሊያድ፣ 8ኛ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ትሮያውያን ሜዳው ላይ 1,000 እሳት አንድደው ያድራሉ፤ በእያንዳንዱም ዙሪያ 50 ሰው ተቀምጧል። ገጣሚው የእሳቶቹን መንደድ በ«ካይኦ» ከተናገረ በኋላ፣ በሚቀጥለው ስንኝ ስለ ብርሃናቸው ሲያወሳ «አይቶ» ወደተባለው ሌላ ግስ ይሻገራል። «አይቶ» ወደ ፍካትና ወደ ቀለም ያደላል፤ «አይቲዮፕስ» የሚለው የሕዝብ ስምም በተለምዶ «ፊቱ የተቃጠለ» ተብሎ የሚተረጎመው ከዚሁ ግስ ተነሥቶ ነው።

«ካይኦ» ግን እሳት በሌለበትም ይሠራል። ግሪካዊው ጸሐፊና የጦር መሪ ዜኖፎን የግሪክ ወታደሮች በአርመን በረዶ ውስጥ ያደረጉትን ጉዞ ሲተርክ፣ ፊት ለፊት የነፈሰባቸው የሰሜን ነፋስ ሁሉን እያቃጠለ ሰዎቹን በቅዝቃዜ ያደርቅ እንደነበር ይጽፋል፤ ግሱም ከ«ካይኦ» የተገኘው «አፖካይኦ» ነው።

ከሁሉ ይልቅ ቃሉ የሚሰፋው በሐኪሞች እጅ ነው። «መቁረጥና ማቃጠል» ተጣምረው የቀዶ ሕክምና መጠሪያ እስከመሆን ደርሰው ነበር። በጥንታዊው ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት ድርሳናት አንዱ፣ ስለ መገጣጠሚያዎች የተጻፈው፣ ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻ እንዴት እንደሚተኮስ በዝርዝር ያስረዳል፦ ሐኪሙ የብብቱን ቆዳ በጣቶቹ ቆንጥጦ ወደ ውጭ ይስባል፤ ከዚያም ቀጠን ያለ የጋለ ብረት በቆዳው ውስጥ ያሳልፋል። የታሰበው ጠባሳው ሲኮማተር አጥንቱ የሚያመልጥበትን ክፍተት እንዲዘጋ ነው፤ በዚህ ስፍራ ማቃጠል መጠገን ሆኗል ማለት ነው። ብርቱ ትኩሳትም ከዚሁ ግስ «ካውሶስ» ተባለ። የእኛም «ተኮሰ» ቁስልን በጋለ ብረት ማከምንና «ትኩሳት»ን በአንድ ሥር መያዙ ለአማርኛ አንባቢ ነገሩን ቅርብ ያደርገዋል።

ሠዓሊዎች በበኩላቸው ቀለም የተዋሐደውን ሰም በሙቀት አቅልጠው ይሥሉ ነበር፤ በግብፅ ፋዩም ከተገኙት የሙታን ሥዕሎች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። ይህን ሥራ የሚገልጸው «ኤንካይኦ» ወደ ላቲን «ኤንካውስቱም» ሆኖ ገብቶ የሮም ነገሥታት የሚፈርሙበት ሐምራዊ ቀለም ስም ሆነ፤ የእንግሊዝኛው «ኢንክ»ም የተገኘው ከዚያ ነው።

በመሥዋዕት ሥርዓት ደግሞ ግሪኮች አብዛኛውን ጊዜ ከእንስሳው የተወሰነውን ክፍል ለአማልክት አቃጥለው ሥጋውን ይካፈሉ ነበርና፣ ሙሉ በሙሉ የሚቃጠለውን ለመለየት «ሆሎስ»፣ ማለትም «ሙሉ»፣ የሚለውን ቃል አከሉበት። የብሉይ ኪዳን የግሪክኛ ተርጓሚዎችም የሚቃጠለውን መሥዋዕት «ሆሎካውቶማ» አሉት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ናዚዎች በአይሁድ ላይ ለፈጸሙት እልቂት «ሆሎኮስት» የሚለው ስም የተወሰደው ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ ብዙ አይሁድ ግን «ጥፋት» የሚል ትርጉም ያለውን «ሾዓ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ይመርጣሉ። ለአምላክ በፈቃድ የሚቀርብ መሥዋዕት የሚጠራበት ቃል ለግድያ መዋሉን አለመቀበላቸው፣ ከግሱ ታሪክ አንጻር ሲታይ፣ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።