በአያቴ ውጅግራ ላይ ያበላሸሁት

የአያቴን አሮጌ ጠመንጃ ላጸዳ ወደ ሐረር ስሄድ፣ ድሬዳዋ በባቡር ደርሼ ሙቀቱ ሳያገኘኝ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሰን አወዳይ ስንደርስ ረዳቱ ጫት ሊገዛ ወርዶ ግማሽ ሰዓት አስጠበቀን። ሻንጣዬ ውስጥ የተልባ ዘይት፣ አሮጌ ካናቴራና የብርጭቆ ወረቀት ነበረ። ምነው የብርጭቆ ወረቀቱን ረስቼው በመጣሁ!

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሐረር ከግንቡ ውጭ ይኖራሉ። የአያቴን ውጅግራ ከአልጋ ሥር አወጡልኝ። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ የፈቃዱን ወረቀት ከጠመንጃው ያስቀድማሉ።

ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ስም ነው፤ ግራ ጠመንጃውን የሠራው መኮንን ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 ተቀበለው፤ በ1886 ለበን የሚባለው አዲስ ጠመንጃ ሲመጣ አሮጌው ተራግፎ በባሕር ወደ እኛ ጎረፈ። አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተኩስ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ። ዓድዋም ተሰልፏል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጦ በሒሳቡ ሲያማርር የኖረ ነጋዴ ነበር፤ ሐረር ውስጥ በስሙ የሚጎበኘው ቤት ግን እሱ የኖረበት አይደለም ይባላል።

መዝጊያውን የሚይዘው ትልቁ ብሎን ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ። ላምባ አጠጥተን አሳደርነው። በማግስቱ ጋሼ ለቅሶ ሄዱ፤ እኔም እስኪመለሱ ላስደንቃቸው ብዬ የብርጭቆ ወረቀቱን አነሣሁ። ብረቱ ነጭ ሆነ፤ ደስ አለኝ። ሰደፉን ቀጠልኩ። በብረቱ ግራ ጎን የነበረው የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ጽሑፍ ወደ ብናኝነት ሲለወጥ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ የተረፈው 1874 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው። ሰደፉ አንገት ላይ እጅ የሚያርፍበት እንጨት በላብ ጠቁሮ ነበር፤ እዚያም መዳፍ የሚያህል ቦታ እንደ አዲስ ወንበር ነጭ ሆኖ ቀረ።

ጋሼ ተመልሰው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«የአባቴን እጅ ላጥከው» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የእሳቸው ሆነ። በላምባ የረሰረሰ ጨርቅ፣ ትዕግሥት፣ ሌላ የለም። ብሎኑ በሦስተኛው ቀን ተፈታ። የአፈሙዙን ውስጥ አያቴ ከተኮሱ በኋላ በፈላ ውኃ ያጥቡት እንደነበር ነገሩኝ፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስቦ ብረት ይበላልና፣ ዘይት ብቻውን አያድንም። ወደ ሰማይ አቅንተን ስናየው ግን ተበልቶ ነበር። ከሸዋ በር ውጭ በርሜል ከሚቀጠቅጡት ሠራተኞች አንዱን ጠርተን አሳየነው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና፦

«ግድግዳ ላይ ስቀሉት» አለ።

ደግሞም ጥይቱ ከየት ይመጣል? ይህን ስንባባል የጋሼ ባለቤት እትዬ ኩላቸውን የሚያኖሩበትን ባዶ የጥይት ቀለህ አመጡ፤ ከዚሁ ጠመንጃ የወጣ ነበር። ኩሉን ሲኒ ውስጥ ገለበጡና ሰጡን። ቀለሁ ሸርተት ብሎ ልክ ገባ። ጋሼ መዝጊያውን ገፉ፣ ወደ ቀኝ ጣሉት፣ ወደ ጓሮው ግንብ አነጣጥረው ቃታውን ሳቡ።

ጧ አለ። ጋሼ ጠመንጃውን ሳያወርዱ ቆዩ።

«በሉ ቀለሄን መልሱልኝ» አሉ እትዬ፣ «ኩሉ ሲኒዬን አበላሸው»።