እንጥሉ ምን አጠፋ?

ጎንደር ውስጥ ጉሮሮው የሚከረክረው፣ «እህም እህም» ሲል የሚውል፣ ማታ ጋደም ሲል ሳል የሚነሳበት ሰው ቶሎ የሚሰማው ምክር «እንጥልህ ወርዷል፣ አስቆርጠው» የሚል ነው። አፉን ከፍቶ በመስታወት ሲያይም እንጥሉ ቀላ፣ አበጥ ብሎ ይታየዋል። እንጥሉን የሚያስቆጣው ግን ብዙ ጊዜ ከላይ፣ ከአፍንጫ ጀርባ የሚንጠባጠበው ንፍጥ ነው። ጣሪያ ሲያፈስ ወለል የሚቆፍር የለም።

አፍንጫችን ጤነኛ ሲሆንም በቀን አንድ ሊትር የሚጠጋ ንፍጥ ያመርታል። አቧራውን ይይዛል፣ አየሩን ያረጥባል፣ ከዚያ ሳናውቀው እንውጠዋለን። የሚያስቸግረው ሲበዛ ወይም ሲወፍር ነው። ጉንፋን፣ አለርጂና ጭስ ያበዙታል፤ ደረቅ አየር ያወፍረዋል። የእኛ በጋ ሁለቱንም አሟልቶ ይሰጣል፦ የጠዋቱ ብርድ፣ ባጃጅ የሚያስነሳው አቧራ፣ ቤት ስንገባ ደግሞ በር ዘግተን የምንቆላው ቡና ከነዕጣኑ። ቡናውን ተው የሚል ሰው ጎንደር ላይ ሰሚ አያገኝም፤ ቆላውን ከደጅ ማድረግና መስኮት መክፈት ግን ይቻላል።

እንጥል ማስቆረጥ ይህን ሁሉ አይነካውም። ንፍጡ ከተቆረጠ በኋላም ይወርዳል። የሚጨምረው መድማትን፣ ቁስል ማመርቀዝን፣ መንጋጋ ቆልፍን ነው፤ ምላጩ ከሰው ሰው የዞረ ከሆነ ደግሞ ኤችአይቪንም። ሕፃናት ላይ ሲሆን ጭራሽ አይታሰብ።

ከሁሉ በፊት የምመክረው በጨው ውኃ ማጠብን ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ብዙ ሰው አበላሽቶ ይሞክረውና «አቃጠለኝ» ብሎ ይተወዋል። ግማሽ ሊትር ውኃ ይፍላ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ግድም ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሙሉ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። ያልፈላ የቧንቧ ውኃ ለሆድ ቢስማማ እንኳ ለአፍንጫ አይሆንም፤ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃ አሜባ አለ፣ ብርቅ ቢሆንም ገዳይ ነው። ለብ እስኪል ከቀዘቀዘ በኋላ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ፣ ልሙጥ ሆኖ፣ የደቀቀ ንጹሕ ጨው ይግባበት፤ 4.5 ግራም ገደማ ይሆናል። ቤኪንግ ሶዳ ካለ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርጎ መጨመር ያለሰልሰዋል። የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ጨው ሲያንስ ነው፦ ባዶ ውኃ የአፍንጫን ሥጋ ያሳብጠዋል። አዮዲን ያለው ጨው አንዳንዱን ይቆጠቁጠዋል እንጂ ሌላ ከጠፋ ይሠራል። አፈር ያለበት ድፍን የገበያ ጨው ግን ይቅር።

ከፋርማሲ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌ ይገዛ፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሳህን ላይ ጎንበስ፣ ራስን ወደ ጎን ዘንበል፣ አፍ ክፍት፣ ትንፋሽ በአፍ። ከላይ ባለው ቀዳዳ ቀስ ተብሎ ሲገፋ ውኃው ዞሮ በታችኛው ይወጣል። በእያንዳንዱ በኩል አምስት ሲሪንጅ ይበቃል። አፍንጫው ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ በኃይል አይገፋ። ሲያበቃም ሁለቱን ቀዳዳ ይዞ ማናፈጥ ውኃውን ወደ ጆሮ ይልከዋልና አንድ በአንድ፣ በቀስታ። የተረፈው በማግስቱ ይደፋ፣ ሲሪንጁም ታጥቦ ይድረቅ።

ማስነጠስና ማሳከክ ካለ አለርጂ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ለአዋቂ ሴትሪዚን 10 ሚሊ ግራም ማታ ማታ። ስቴሮይድ ያለው የአፍንጫ ስፕሬይ ከዚህ ይበልጣል፣ ግን እስከ ሁለት ሳምንት ትዕግሥት ይፈልጋል። አንገት ደፋ አድርጎ፣ በቀኝ እጅ ለግራው፣ በግራ እጅ ለቀኙ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይረጫል፤ ወደ መሐል ግድግዳው ከተረጨ ያደማል። ወዲያው የሚከፍተው የዛይሎሜታዞሊን ጠብታ ግን ከ5 ቀን አይለፍ፤ ሲለምድ ራሱ አፍንጫውን ይደፍነዋል።

ንፍጡ አረንጓዴ ሆነ ብሎ አሞክሳሲሊን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ተራ ጉንፋንም አረንጓዴ ያደርገዋል። ከ10 ቀን በላይ ሳይሻል ከቆየ፣ ወይም ተሽሎት እንደገና ከከፋ ያኔ ሐኪም ይየው።

አፍንጫው ደህና ሆኖ ጉሮሮው ብቻ የሚታነቅ፣ ጠዋት ድምፁ የሚሻክር ሰው ጨጓራውን ይጠርጥር፤ አሲዱ ሲተኛ ወደ ላይ ይመጣል። እራትን ከመኝታ 3 ሰዓት ቀድሞ መጨረስ፣ የአልጋውን ራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፍ አይተካውም። የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ከሆነም ደረቅ ሳል ያመጣል፤ በራስ ፈቃድ አይቋረጥም፣ ለሐኪሙ ይነገር።

ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ ይልቁንም ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ ወይም ደም ያለው አክታ ካለ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ለቲቢ ማስመርመር ነው።

ሕፃን ልጅ ደግሞ በአንድ አፍንጫው ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ካወረደ አንድ ነገር ወትፏል ብሎ መጠርጠር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሽንብራ ወይም ዶቃ። ሽንብራ ውኃ ሲነካው ያብጣልና ለእሱ እጥበቱ አይሞከር፣ በወረንጦም አይነካካ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ያውጣው።