ካሲ ላይ የት እንደምዋኝ የምመርጠው ንፋስ አይቼ ነው

ካሲ ከማርሴይ በባቡር ግማሽ ሰዓት የማታስኬድ የደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ከወደቧ በስተምዕራብ ባሕሩ በነጭ የኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል እየገባ ጠባብ ሰርጦች ሠርቷል፤ ካላንክ ይሏቸዋል። ለከተማዋ የሚቀርቡት ፖር-ሚው፣ ፖር-ፓን እና አን-ቮ ናቸው።

ሚስትራል የሚባለው ንፋስ ከሰሜን ምዕራብ፣ ከየብስ ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው። ስለዚህ ሰርጦቹ ውስጥ ማዕበል አይገባም፤ ውኃው ጸጥ ብሎ እስከ ታች ጠጠሩ ይቆጠራል። ይህ ብዙ ሰው ያታልላል። ንፋሱ ፀሐይ ያሞቀውን የላዩን ውኃ ወደ ውጭ ገፍቶ ስለሚወስደው በምትኩ ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል፤ ጁላይ ላይ እንኳ በማግስቱ የገባ ሰው ጥርሱ ይንገጫገጫል። ንፋሱ ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ምሥራቅ ሲሆን ደግሞ ማዕበሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ያን ቀን አን-ቮ ድረስ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። እኔ የምመርጠው ሚስትራል ካቆመ ሁለት ሦስት ቀን ያለፈውን፣ ንፋስ የሌለበትን ጠዋት ነው።

በእግር ከወደቡ ፖር-ሚው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሰርጡ ረጅም ነው፣ ግን በጀልባ የተሞላ ስለሆነ ለዋና አይሆንም። እዚያና ከተማው ጠርዝ ላይ ባለው ቤስቱአን በሚባለው የባሕር ዳርቻ ከመሬት ሥር የሚመጣ ወንዝ ከባሕሩ በታች ይፈልቃል፤ ስትዋኙ በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ካገኛችሁ ምክንያቱ እሱ ነው። ፖር-ፓን ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ጥድ ስላለው ጥላ አለ፣ ልጅ ለያዘ ከሦስቱ የተሻለው እሱ ነው።

አን-ቮ ከሁሉም ያምራል፣ መንገዱ ግን ቀልድ አይደለም። ከፖር-ፓን ዳገቱን ወጥታችሁ በድንጋያማ ሸለቆ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ተወልውሎ ሙልጭ ያለ ነው፤ ደረቅ ሆኖም ያንሸራትታል። ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚወርድ ሰው ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። ሶሉ የሚነክስ ጫማ አድርጉ፤ ለመደገፍ ሁለቱም እጆቻችሁ ነጻ እንዲሆኑ ዕቃውን በጀርባ ቦርሳ ያዙ። ለውኃው የጎማ ጫማ ጨምሩ፤ ዓለቱ ሥር የባሕር ጃርት አለ፣ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ግድግዳዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ ፀሐይዋ ቶሎ ትሸሻለች፤ ጠዋት መድረሱ ይሻላል።

መንገዱ ላይ የሚጠጣ ውኃ የለም፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ያዙ። አካባቢው ከ2012 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 መግባት የሚቻለው የሰደድ እሳት ስጋቱ ታይቶ ነው፤ ውሳኔው በዋዜማው ምሽት ይወጣል፣ የስጋቱ ደረጃ ቀይ ከሆነ መንገዱ ይዘጋል። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ኃይለኛ ሚስትራል በሚነፍስበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ካያክም (በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ) አይታሰብ፣ ከገደሉ ጥግ ወጣ እንዳላችሁ ወደ ጥልቁ ባሕር ይገፋችኋል።