ለአንዲት አጥንት ብዬ ብራሰልስ

ብራሰልስ የሄድኩት አንዲት አጥንት ለማየት ነው። ርዝመቷ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ብትሆን ነው።

መጀመሪያ ግን ንዴቴን ልናገር። ከኤርፖርት የያዝኩት ታክሲ በ45 ዩሮ ተስማምተን ስንደርስ «የሻንጣ» ብሎ 60 ተቀበለኝ። ስለደከመኝ አልተከራከርኩም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። የያዝኩት ሆቴል ደግሞ የትራም ሐዲድ አፍንጫ ስር ነው። መስኮቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አደረ።

እንቅልፍ የወሰደኝ ሊነጋ ሲል ስለነበር ተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም የደረስኩት ከሰዓት ነው። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ዳይኖሰሮቹ ነው። በ1878 በርኒሳር ከሚባል ቦታ፣ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የተገኙት ኢጓኖዶኖች እዚያ ቆመዋል። ግሩም ናቸው። አልፌያቸው ሄድኩ።

አገኘኋት። የኢሻንጎ አጥንት። ጠቆር ያለች ቡናማ፣ ጫፏ ላይ የኳርትዝ ስባሪ የተሰካባት። ዙሪያዋን በሦስት ረድፍ ተጭራለች። ዕድሜዋ 20,000 ዓመት ገደማ ነው። ቤልጂጋዊው ዣን ደ ሄንዝለን በ1950 ያገኛት ኮንጎ ውስጥ፣ ሰምሊኪ ወንዝ ከኤድዋርድ ሐይቅ በሚወጣበት ቦታ ነው። ከፋኝ። ዛሬ ኢሻንጎ የሚኖር ልጅ ይህችን አጥንት ለማየት ቪዛ መለመን አለበት።

መስታወቱ እያንጸባረቀ ጭረቶቹ ተምታቱብኝ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት አዛውንት ሴትዮ ይህን አይተው ኖሮ ከቦርሳቸው ማጉያ መነጽር አውጥተው ሰጡኝ። ከዚያ አብረን መቁጠር ጀመርን፤ እሳቸው በፈረንሳይኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ በጣት እየተግባባን። አንዱ ረድፍ 11፣ 13፣ 17፣ 19። ሲደመር 60። ሌላው 11፣ 21፣ 19፣ 9። እሱም 60! ሴትዮዋ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ 3 ጭረት፣ አጠገቡ 6። ከዚያ 4፣ አጠገቡ 8።

የጨረቃ አቆጣጠር ነው የሚሉ አሉ። የቁጥር ጨዋታ ነው የሚሉም አሉ። ስትያዝ እንዳታዳልጥ ነው የተጫረችው የሚሉም አልጠፉም፤ ይሄኛው አይዋጥልኝም። ለመያዣ ብቻ ከሆነ በቡድን በቡድን እየለየ፣ መሀሉን ክፍት እየተወ ማን ይደክማል? ዓሣ ይሁን ሌሊት፣ አንድ ሰው የሆነ ነገር ቆጥሮ እንዳይረሳው ሰግቷል።

ሦስተኛውን ረድፍ ስንደምር እኔ 48 አገኘሁ፣ ሴትዮዋ 47። እኔ አሥር ያልኩትን ቡድን እሳቸው ዘጠኝ ብለውታል። መነጽሩን ተቀብለውኝ ጠጋ አሉ። እንደገና ከሦስቱ ጭረት ጀመርን። ጥበቃው ሊዘጋ መሆኑን በእጁ ሲያመለክተን ገና ስምንቱ ላይ ነበርን።