አንዲት «የስ» ያመጣችው ጣጣ

ስልኩ 1 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የደወለው አለቃዬ ነው። እሱ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ተምሬ የማወራ።

«ዩ ሃቨንት ሴንት ኢት ዬት?» አለኝ። ፋይሉ ገና አልተላከም ወይ ማለቱ ነው። መዋሸት አልፈለግሁም። «የስ» አልኩት።

«ግሬት!» አለና ዘጋው።

ግሬት? አለመላኬ ምኑ ነው ግሬት? ስልኩን በእጄ ይዤ ትንሽ ፈዘዝኩ። ሰውየው ደግ ነው፣ ላላስጨንቅ ብሎ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ደንበኛው «የታል ፋይሉ?» ብሎ ተነሣ። ለካ አለቃዬ «ተልኳል» ብሎ ቃሉን ሰጥቶት ኖሯል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ ተኮራርፈን ዋልን።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአማርኛ «አልተላከም?» ስባል «አዎ፣ አልተላከም» እላለሁ። አዎ የምለው ለጠያቂው ነው፤ ልክ ነህ፣ እንዳልከው ነው እያልኩት ነው። እንግሊዝኛ ግን ጠያቂውን ዞር ብሎም አያየው። የሚያየው ነገሩን ብቻ ነው። ከተላከ «የስ»፣ ካልተላከ «ኖ»። ጥያቄው በምንም መልክ ይምጣ፣ ግድ የለውም። «ኖ፣ አይ ሃቨንት» ማለት ነበረብኝ።

የሚያናድደው ደግሞ እንግሊዝኛ ራሱ ድሮ ለዚህ መላ ነበረው። ቃላቱ አራት ነበሩ። ለተራ ጥያቄ «ዬይ» እና «ኔይ»፣ አሉታ ላለበት ጥያቄ «የስ» እና «ኖ»። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ሞር መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎመውን ዊልያም ቲንዴልን «ኖ»ን በ«ኔይ» ቦታ አስገብተሃል ብሎ ተችቶታል። ከዚያ ልዩነቱ እየደበዘዘ ጠፋ። ፈረንሳዮች «ሲ»፣ ጀርመኖች «ዶኽ» የሚሉት፣ አሉታ ላለበት ጥያቄ «ኧረ ተልኳል» ብሎ ለመመለስ የሚያገለግል ቃል ዛሬም አላቸው። እንግሊዝኛ ግን ልዩነቱን ጣለና ጣጣውን ለእኛ ተወልን።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ወጥመድ አለ፤ «ዱ ዩ ማይንድ»። አንዱ አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር እያየ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» ብሎ ጠየቀኝ። ቃል በቃል ብወስደው «ብቀመጥ ቅር ይልሃል?» ነው፤ መልሱም «ኧረ በጭራሽ» ይሆን ነበር። እኔ ግን በልቤ «ልቀመጥ?» ብዬ ስለሰማሁት ጥርሴን ገልጬ «የስ፣ የስ!» አልኩት። አዎ፣ ቅር ይለኛል ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ፈገግታ! ሰውየው ግራ ተጋብቶ ሄዶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። «ኖት አት ኦል» ወይም «ጎ አሄድ» ብል ይበቃ ነበር።

ከፋይሉ ጉዳይ በኋላ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ። እሺታው ብዙም አላስቸገረኝም። «ሹር»፣ «ሳውንድስ ጉድ»፣ ሥራ ሲታዘዙ «ዊል ዱ»፣ ቀጠሮ ሲስማማ «ወርክስ ፎር ሚ»። «ኦፍ ኮርስ» ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አግዘኝ ላለ ሰው ሲመለስ ደስ ይላል፤ መረጃ ለጠየቀ ሰው ሲመለስ ግን «ይሄም ይጠየቃል?» የሚል ቃና አለው። በጽሑፍ ብቻዋን የተላከች «ኦኬ»ም ለእኔ ፊቷ አይፈታልኝም። በ1839 አንድ የቦስተን ጋዜጣ ላይ በፊደል ግድፈት ቀልድ የወጣች ቃል ናት፤ አሁን ቀልዷ የት እንደሄደ እንጃ።

አንድ ቀን ሥራው በዛብኝ ብዬ ለባልደረባዬ ሳማርር «ቴል ሚ አባውት ኢት» አለኝ። ነገርኩት። 10 ደቂቃ ሙሉ፣ ከነዝርዝሩ። እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ እቀጥላለሁ። ለካ «ለእኔ ነው የምትነግረኝ!» ማለቱ ነበር። በአማርኛ ቢለኝ ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር።

እምቢታው ነው አገር የሚያህል። ቻርጀር ላውስህ ያልኩት ልጅ «አይም ጉድ» አለኝ። ደህና መሆኑን መቼ ጠየቅኩት? አልፈልግም ማለቱ ነው። «አይም አፍሬድ አይ ካንት» የሚለውም ምንም ፍርሃት የለበትም፤ አልችልም፣ ይቅርታ ነው። «ሬይን ቼክ» ሲሉኝ ስለ ዝናብ መስሎኝ ነበር። ከአሜሪካ ቤዝቦል የመጣ ነው። ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን የሚገባበት ወረቀት ይሰጠው ነበር። አሁን «ለሌላ ጊዜ ይሁንልኝ» ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ያታለለችኝ ግን «አይድ ላቭ ቱ» ናት፤ በጣም ደስ ይለኛል ማለት ነው። «ላቭ» የምትለዋን ስሰማ ልቤ ይሞላና ጆሮዬ ይዘጋል። ከኋላ የምትመጣዋ «ባት»፣ የእኛዋ «ግን»፣ ናት ዋናዋ ጉዳይ። አንዴ ሰው ጋብዤ፣ «ባት»ን ሳልሰማ ወንበር ጨምሬ ጠበቅሁ።

አሁን ቃሉን ትቼ ዝምታውን ነው የማደምጠው። በ2009 የወጣ በ10 ቋንቋዎች ላይ የተሠራ ጥናት ለጥያቄ መልስ እስኪመጣ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ እንደሆነ ያሳያል፤ የሰከንድ አንድ አምስተኛ፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል ማለት ነው። እሺታ ቶሎ ይመጣል፣ እምቢታ ይዘገያል። ስለዚህ አንዱን ሰው ጠይቄው ትንሽ ዝም ካለና «ዌል…» ብሎ ከጎተታት፣ ቀሪውን መስማት አያስፈልገኝም። የእኛዋ «እንግዲህ…» ናት። «እንግዲህ…» ብሎ ጀምሮ እሺ ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዛሬ አለቃዬ በቪዲዮ ስብሰባ መጨረሻ ላይ «ዩ ዶንት ኒድ ኤኒቲንግ ኤልስ?» አለኝ። ሌላ የሚያስፈልገኝ ነገር አልነበረም። ትንፋሼን ሰብሰብ አድርጌ፣ ቃላቱን እንደ ብርጭቆ ተጠንቅቄ፣ «ኖ፣ አይ ዶንት» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። ምን አጠፋሁ ብዬ ስክሪኑ ላይ ራሴን ሳየው፣ አፌ «ኖ» ይላል፣ አንገቴ ከላይ ወደ ታች አዎ፣ አዎ እያለ ይነቀነቃል።