ዲጂታል ሚክሰር ስገጥም ኢኪውን ቶሎ አልነካም

«ለዘፋኝ ድምፅ ስንት ኸርዝ ላይ ልቁረጥ?» ከሚለው በላይ የምጠየቀው ጥያቄ የለም። ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ አጠር ያለ ቅጂ ይልኩልኛል። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ታዲያ ጥፋቱን ኢኪው (የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን ለየብቻ የሚያስተካክለው) ላይ የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። አንዱ ጌይኑን (ድምፁ ከማይክ ሲገባ የሚጨመርለትን ጉልበት) በጣም አሳንሶ ኋላ በፌደር፣ ማለትም ወደ ላይና ወደ ታች በሚንሸራተተው የድምፅ መጠን ማስተካከያ፣ ስለጎተተው ከዘፋኙ ጋር «ሽሽሽ» የሚለውም አብሮ ወጥቷል። የሌላው መድረክ ላይ ያልተዘጉ አራት ማይኮች አንዱን ዘፋኝ ከአራት ቦታ ይዘውታል። የሌላው ደግሞ በየመሃሉ «ጠቅ» ይላል፤ ይሄ በኢኪው የሚጠፋ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው አንድ ዲጂታል ሚክሰር ከባዶ ስገጥም የምሄድበትን ቅደም ተከተል ነው። ድምፁን ከማይኩ ጀምሬ እከተለዋለሁ፤ አንዱ ቦታ ሳይስተካከል ወደ ቀጣዩ አልዘልም። ይህን አጥብቄ የምይዘው ዲጂታል ሚክሰር ውስጥ መንገዱ በዓይን ስለማይታይ ነው። በድሮው ሚክሰር እያንዳንዱ ነገር የራሱ ቁልፍ ነበረው፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃ ነበር። አሁን ግማሹ ሥራ ስክሪን ውስጥ ተደብቋል።

እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው በቤሪንገር ኤክስ 32 ነው። ጀርባው ላይ 32 የማይክ መግቢያና 16 መውጫ አለው። መድረኩ ላይ ኤስ 16 የሚባለውን ስቴጅ ቦክስ (የመድረኩ ማይኮች የሚሰኩበትን ሳጥን) አስቀምጣለሁ፤ እሱ 16 መግቢያና 8 መውጫ ይዟል። ያላችሁ ያማሃም ይሁን ሚዳስ ወይም አለን ኤንድ ሂዝ፣ የሜኑው ስም ይለያይ እንጂ መንገዱ ያው ነው።

ሚክሰሩንና ስቴጅ ቦክሱን የሚያገናኘው አንድ ገመድ ነው። ኤ ኢ ኤስ 50 በሚባለው አሠራር 48 ቻናል ወደዚያ፣ 48 ቻናል ወደዚህ በአንድ ካት 5 ኢ ገመድ ይመላለሳል፤ ርቀቱ እስከ 100 ሜትር ነው። የኮምፒውተር ኔትወርክ ገመድ ስለሚመስል ብዙ ሰው መሃል ላይ ስዊች (የኔትወርክ ማከፋፈያ) ማስገባት የሚቻል ይመስለዋል። አይቻልም፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን በቀጥታ መሄድ አለበት። ገመዱም ሺልድ (የውጭ ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) ያለው፣ ጫፉም ብረት የለበሰ ይሁን። በተራ ገመድ አንድ ሰው ሳጥኑን ሲነካ የሚፈጠር የስታቲክ ብልጭታ ግንኙነቱን ለቅጽበት ሊያቋርጠው ይችላል፤ ያቺ ቅጽበት ደግሞ በትልልቅ ስፒከር ስትወጣ ታስደነግጣለች።

መብራቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ሚክሰሩና የመድረኩ ዕቃዎች ቢቻል ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ይነሱ፤ ስትከፍቱ መጀመሪያ ሚክሰሩን፣ መጨረሻ አምፕሊፋየሮቹን። ላፕቶፕ ስትሰኩ «እምምም» የሚል ሃም ከመጣ መካከሉ ላይ ዲ አይ ቦክስ (የመሣሪያን ምልክት ለማይክ መግቢያ የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) አስገቡና ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ከሶኬቱ ላይ የመሬት መስመሩን መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይደረግም። ሃሙ ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን ማይክ የያዘውን ሰው ከአደጋ የሚጠብቀው ያ መስመር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጀማሪውን በጣም የሚያስቸግረው ነገር ነው፦ ሶኬትና ቻናል አንድ አይደሉም። በአናሎግ ሚክሰር 5ኛው ሶኬት ላይ የሰካችሁት 5ኛው ቻናል ላይ ይመጣል። በዲጂታሉ የትኛው ሶኬት የትኛው ቻናል ላይ እንደሚመጣ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ኤክስ 32 ላይ በሩቲንግ ገጽ መግቢያዎቹ በ8 በ8 እየተቧደኑ ይመደባሉ። ከ1 እስከ 8 ያሉት ቻናሎች ሚክሰሩ ጀርባ ካሉት ሶኬቶች እንዲወስዱ ተመድበው ከሆነ፣ ማይኩን ስቴጅ ቦክሱ ላይ ሰክታችሁ ፌደሩን እስከ ላይ ብትገፉት ምንም አይመጣም። ማይኩ ደህና ነው፤ ገመዱም ደህና ነው።

እኔ ማንኛውንም ገመድ ከመሰካቴ በፊት ወረቀት ላይ አራት ዓምድ እሠራለሁ፦ የስቴጅ ቦክሱ ሶኬት፣ የሚክሰሩ ቻናል፣ ማን ወይም ምን እንደሆነ፣ ፋንተም (ከሚክሰሩ በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ) ይፈልግ እንደሆነ። ወረቀቱን ስቴጅ ቦክሱ ላይ እለጥፈዋለሁ። ከዚያ አንድ ሰው መድረክ ላይ ሆኖ የእያንዳንዱን ማይክ ወንፊት በጣቱ ቀስ ብሎ ይጭራል፤ እኔ የየትኛው ቻናል ሜትር እንደሚንቀሳቀስ አያለሁ። ስፒከሮቹ ገና ዝግ ናቸው። ማይክ ውስጥ መንፋት አልወድም፤ ትንፋሽ ለማይኩ ሜምብሬን ጥሩ አይደለም፣ የትኛው ማይክ እንደሆነም ከመጫር በተሻለ አይነግርም።

ቀጥሎ ክሎክ፣ ማለትም ዲጂታል ዕቃው የሚቆጥርበት ሰዓት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን ገጽ ከፍቶ አያውቅም። ዲጂታል ዕቃ በ48 ኪሎ ኸርዝ ሲሠራ ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ ቁጥር ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። ሁለት ዲጂታል ዕቃዎች ቁጥር ሲለዋወጡ በአንድ ሰዓት መቁጠር አለባቸው። ሁለቱም በየራሳቸው ሰዓት ከቆጠሩ፣ ምንም ያህል ጥሩ ሰዓት ቢኖራቸው፣ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 10 ብቻ ነው እንበል። በሰከንድ ግማሽ ያህል ናሙና ይንሸራተታሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ በየ2 ሰከንዱ ገደማ አንድ ናሙና ይዘለላል ወይም ይደገማል። ያ ነው «ጠቅ» የሚለው።

አንድ ምሽት መቅጃ መሣሪያ ይዞ የመጣ ባለሙያ ከእኛ ሚክሰር በዲጂታል መስመር ተገናኘ። ቅጂው ሲሰማ ጥርት ያለ ነው፤ ግን «ጠቅ» ይላል፣ ጸጥ ይላል፣ እንደገና «ጠቅ»። አጠገቤ የነበሩት ገመድ ቀየሩ፣ ሌላ ገመድ አመጡ፣ ያንንም ቀየሩ። እኔ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ በጠቅታዎቹ መሃል ያለውን ጊዜ መቁጠር ጀመርኩ። እኩል ነበር። የተበላሸ ገመድ እኩል እየጠበቀ አይጮኽም፤ ሲነካ ነው የሚጮኸው፣ ሲያሻውም ዝም ይላል። ሁለቱንም መሣሪያዎች ሲንክ ገጽ ላይ ስናያቸው ሁለቱም «ኢንተርናል» ላይ ናቸው። መቅጃውን ሰዓቱን ከሚመጣው መስመር እንዲወስድ አደረግነው፤ ጠቅታው ወዲያው ቆመ።

ሕጉ አጭር ነው፦ በአንድ ሲስተም ውስጥ የሰዓት ጌታ አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ተከታይ ናቸው። እኔ ሚክሰሩን ኢንተርናል አደርገዋለሁ፣ ስቴጅ ቦክሱና ሌላው ሁሉ ከእሱ ይወስዳል። ሳምፕል ሬቱም (ድምፁ በሰከንድ የሚለካበት ብዛት) አንድ ይሁን፤ አንዱ 44.1 ሌላው 48 ላይ ሆነው አይግባቡም።

አሁን ጌይን። ለእኔ የዚህ ሁሉ ልብ እዚህ ነው።

በአናሎግ ዘመን ከፍ አድርጎ መግፋት የተለመደ ነበር፤ ሜትሩ ቀይ ቢነካም ድምፁ በመጠኑ ይወፍር ነበር እንጂ ወዲያው አይሰበርም። በዲጂታል ላይ ግን ጣራው 0 ነው፣ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። 0ን ያለፈ ድምፅ አናቱ ተቆርጦ ይቀራል፤ የተቆረጠውን መልሶ የሚሞላ ፕሮሰሰር የለም። ስለዚህ መካከለኛው ድምፅ ከጣራው 18 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ፣ ነጠብ ነጠብ የሚለው ጫፍ ደግሞ ከጣራው ከ6 እስከ 10 ዲሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቀር አደርጋለሁ። «ያን ሁሉ ቦታ ባዶ መተው ጥራት አይቀንስም ወይ?» ይሉኛል። እያንዳንዱ ቢት 6 ዲሲቤል ያህል ይሰጣል፤ 24 ቢት በስሌት 144 ዲሲቤል ገደማ ነው። 18 ዲሲቤል ብትተዉ 3 ቢት ሄደ ማለት ነው፤ የቀረው 21 ቢት የክፍሉ ጫጫታና የማይኩ ፕሪአምፕ ከሚሰጡት በላይ ነው። ቦታው ይተውላችሁ።

ችግሩ ዘፋኞች ሳውንድ ቼክ ላይ አይዘፍኑም። «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ይላሉ፣ ወይም ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። በዚያ ጌይን ተስተካክሎ፣ ሰው ሲሞላና ስሜት ሲመጣ ድምፃቸው ከ6 እስከ 10 ዲሲቤል ይጨምራል። እኔ ሁልጊዜ የምለው «እባክህ በጣም የምትጮኽበትን ቦታ ዝፈንልኝ» ነው። አንዳንዱ ያፍራል፤ ባንዱ አብሮ ሲጀምር ግን ማፈሩ ይቀራል። ስለዚህ ጌይኑን የማጸድቀው ሁሉም አብሮ ሲጫወት ነው።

ጌይን አንዴ ከጸደቀ አልነካውም። ምክንያቱም የሞኒተሮቹም (መድረክ ላይ ያሉት ራሳቸውን የሚሰሙባቸው ስፒከሮች)፣ የቅጂውም፣ የኮምፕረሰሩም (ሲበዛ ድምፁን በራሱ የሚቀንሰው) መነሻ እሱ ነው። ዋናው አዳራሽ ላይ ዘፋኙ አነሰ ብላችሁ ጌይኑን 4 ዲሲቤል ብትጨምሩ፣ እሱ ፊት ያለው ሞኒተርም አብሮ 4 ዲሲቤል ይጨምራል፤ ፊድባኩም (ከስፒከር የወጣው ተመልሶ ማይክ ውስጥ ሲገባ የሚፈጠረው ጩኸት) ይከተላል። ለአዳራሹ ፌደር አለላችሁ።

ፋንተም ፓወርን በተመለከተ፦ 48 ቮልቱን ለኮንደንሰር ማይክና ለሚፈልገው ዲ አይ ብቻ ስጡ፣ ከመክፈታችሁ በፊትም ቻናሉን ሚውት አድርጉ። በትክክል የተሠራ ባላንስድ ገመድ ላይ ያለ ዳይናሚክ ማይክ አይጎዳም፤ የድሮ ሪበን ማይክ ላይ ግን አትሞክሩት።

እዚህ ስደርስ ነው እንግዲህ ስለ ኢኪው የማወራው፤ የመጀመሪያውም እርምጃ አንዱን የድምፅ ክልል መርጦ መቁረጥ አይደለም። ሎው ከት ነው፤ ከተወሰነ ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ የሚያስወግደው። ለዘፋኝ ከ80 እስከ 120 ኸርዝ ድረስ እወስደዋለሁ፤ የመድረኩ እርግጫ፣ የባስ ጊታሩ ትርፍ፣ የትንፋሹ ድምፅ ሁሉ እዚያ ታች ነው ያለው። ከዚያ ድምፁ «ሣጥን ውስጥ ያለ» ከመሰለ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ባለው ውስጥ ጥቂት ዲሲቤል እቀንሳለሁ። እንግዲህ ለዚያ ጥያቄ ያለኝ መልስ ይሄ ነው፤ ግን ከላይ ያለው ሁሉ ካልተስተካከለ ቁጥሩ ምንም አያደርግላችሁም።

ኮምፕረሰር ላይ 3 ለ 1 እጀምራለሁ። ድምፁ ከትሬሾልዱ (ኮምፕረሰሩ መቀነስ ከሚጀምርበት ልክ) በላይ 6 ዲሲቤል ቢወጣ የሚያልፈው 2 ብቻ ነው ማለት ነው። ሜትሩ ከ3 እስከ 6 ዲሲቤል ሲቀንስ ካየሁ ይበቃኛል። ሜክ አፕ ጌይን የሚባለውን (ኮምፕረሰሩ የቀነሰውን ለመመለስ የሚጨመረውን) ሳትቆጥቡ ከጨመራችሁበት ዘፋኙ ዝም ባለ ጊዜ የማይኩ ድምፅ ሁሉ ከፍ ይላል፤ ፊድባክ የሚነሳውም ያኔ ነው።

ለሞኒተር የሚሄዱት ኦክሶች (ከዋናው ውጪ ያሉ መላኪያ መስመሮች) ፕሪ ፌደር ይሁኑ፣ ማለትም ድምፁን ከፌደሩ በፊት ይውሰዱ፤ አለበለዚያ እናንተ ለአዳራሹ ፌደር ባነሳችሁ ቁጥር ኪቦርድ ተጫዋቹ ፊት ያለው ድምፅ ይለዋወጥበታል። ሪቨርብና ዲሌይ (የማስተጋባት ድምፅ) የሚሄድባቸው ግን ፖስት ፌደር፣ ከፌደሩ በኋላ የሚወስዱ፣ ናቸው፤ የዘፋኙ ፌደር ሲዘጋ ሪቨርቡ ብቻውን እንዳይቀር።

መውጫው ላይ ደግሞ የስፒከር ፕሮሰሰር አለ፦ ክሮስኦቨር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየስፒከሩ የሚያካፍለው)፣ ሊሚተር (ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገታው)፣ ዲሌይ (ድምፁን የሚያዘገየው)። ክሮስኦቨርና ሊሚተር ላይ የስፒከሩ አምራች የሰጠውን ቁጥር ተከተሉ፤ በጆሮ የሚገመት ነገር አይደለም። ዲሌዩ ግን ከቦታው የሚሰላ ነው፤ እኔም በጣም የምወደው ሥራ ነው። አዳራሹ ረጅም ሆኖ ከዋናው ስፒከር 20 ሜትር ርቆ ሁለተኛ ስፒከር ተሰቅሏል እንበል። የኤሌክትሪክ ምልክቱ እዚያ የሚደርሰው ወዲያው ነው፤ ድምፅ ግን በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ 58 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኋላ የተቀመጠው ሰው አንዱን ቃል ሁለቴ ይሰማዋል። የኋላውን ስፒከር 58 ሚሊ ሰከንድ ስታዘገዩት ሁለቱ ይገጥማሉ። እኔ በዚያ ላይ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ እጨምራለሁ። ሄልሙት ሃስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው ተመሳሳይ ድምፅ በአጭር ልዩነት ሁለቴ ቢደርስ ጆሯችን እንደ አንድ ይቆጥረዋል፣ የመጣበትንም አቅጣጫ ቀድሞ በደረሰው ይወስናል። ስለዚህ ዋናው ስፒከር በጥቂቱ ሲቀድም፣ ኋላ ያለው ሰው ከራሱ በላይ ካለው ስፒከር እየሰማ ሳለ ዘፋኙ መድረክ ላይ ሆኖ የሚዘፍንለት ይመስለዋል። ይህንን ካስተካከልኩ በኋላ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ዲሌዩን እያጠፋሁና እየከፈትኩ ስሰማ ልዩነቱ ሁሌም ያስደስተኛል።

በታብሌት ለመሥራት የራሳችሁን ራውተር ተጠቀሙ፣ ከቻላችሁ በ5 ጊጋ ኸርዝ፤ ሰው ሲሞላ 2.4 በስልኮች ይጨናነቃል። የይለፍ ቃሉን ለእንግዳ አትስጡ፤ ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ሰው ሚክሰሩንም ሊያገኘው ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ ሲኑን (የሚክሰሩን አጠቃላይ አቀማመጥ የያዘውን ፋይል) በቀኑና በቦታው ስም ሴቭ አድርጌ በፍላሽ ላይም እገለብጠዋለሁ። የትናንቱን ሲን ዛሬ ስትጠሩት ጌይኑም የትናንቱ ሆኖ እንዳይመጣባችሁ ሪኮል ሴፍ (ሲን ሲጠራ የማይለወጠው የሚመረጥበት ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ ጌይኑን ከልሉት፤ ዛሬ የሚዘፍነው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያ መጀመሪያ አምፕሊፋየሮቹን አጥፉ፣ ሚክሰሩ የራሱ የመዝጊያ ትእዛዝ ካለው እሱን ስጡት፣ ማብሪያ ማጥፊያውን መጨረሻ ላይ።